ፊንጣስ ላይ የቆመው ፒካፕ

«ባባ ሸዕባን፣ አንድ ደቂቃ ብቻ! በፈጠረህ!»

«አላቆምም አልኩሽ! ኸላስ፣ በቃ!»

አዛለች ከኋላ ወንበር ላይ ሆና የሹፌሩን የሸዕባንን ማጅራት አየች… እንባዋ ማስኳ ውስጥ ገባ።

ከፊታቸው ሦስት ብስክሌቶች ይበራሉ። የማዳሟ ልጅ አብዱልወሃብ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነው። ከኩዌት ሩማይሲያ ሰፈር ተነሥተው፣ ባሕሩን ይዘው ወደ ደቡብ… እስከ ኸይራን በረሃ! እዚያ ድንኳን ተክለው ሊያድሩ።

ፒካፑ ድንኳኑን፣ ውኃውንና ሥጋውን ጭኖ ይከተላቸዋል። አዛለች ደግሞ ልታበስል።

ጊዜው ጥር 2014 ነው። ኮሮና ገና አልለቀቀም።

ወገኖቼ… የአዛለችን ጭንቀት ልንገራችሁ።

ኮንትራቷን ጨርሳለች፤ በነጋታው፣ እሑድ ማታ፣ ወደ አገሯ ትበራለች።

ዘሊካ የምትባል የወሎ ልጅ ጓደኛ አለቻት። ኩዌት የገቡት በአንድ አውሮፕላን ነው። ዘሊካ በዚሁ መንገድ ላይ ባለው ፊንጣስ፣ አዛለች ሩማይሲያ ተቀጠሩ። ኮሮና ሲመጣ ማዳሞቹ «በሽታ ታመጣላችሁ» ብለው በር ዘጉ…

ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ብቻ!

አዛለች ኮሮና ይዟት አንዲት ክፍል ውስጥ ለብቻዋ ስትዘጋ፣ ዘሊካ ስልኩን አትዘጋም ነበር። ዕቃ እያጠበች፣ ልብስ እየተኮሰች…

«አዙ፣ አትናገሪ፣ ደክሞሻል። ትንፋሽሽን ብቻ አሰሚኝ። አብሽሪ!»

እንዲህ ያለችን ሰው ሳይሰናበቱ መሄድ ይቻላል?

ማዳም ቃል ገብታላት ነበር። «ሐሙስ ከልጆቹ ጋር ትሄጃለሽ፣ ዓርብ ትመለሻለሽ፣ ቅዳሜ ጓደኛሽን ታያለሽ።»

ሐሙስ ሰማዩ ተቀደደ! መንገዱ ወንዝ ሆነ። ዓርብም ሲዘንብ ዋለ። ጉዞው ወደ ቅዳሜ ተገፋ…

የዘሊካን ቀን ዝናብ በላው።

«ማዳም፣ ጓደኛዬስ?»

«ኢንሻ አላህ» አለች ማዳም፣ ስልኳን እያየች።

ኩዌት የሠራችሁ የማዳምን «ኢንሻ አላህ» ታውቁታላችሁ… «እርሺው» ማለት ነው።

አብዱልወሃብን ለመነችው። «አዛለች፣ ከቆምን ሰውነታችን ይቀዘቅዛል። ሳይመሽ ኸይራን መግባት አለብን» አላት።

የሚለመን ሸዕባን ብቻ ቀረ። እሱ ደግሞ ፈገግታ የሚያስከፍል የሚመስለው ግብፃዊ ሽማግሌ! አንድ ጊዜ ብቻ በርበሬ ለዘሊካ አድርስልኝ ብላው፣ «እኔ የአንቺ ፖስታ ቤት ነኝ?» እያለ፣ እየተነጫነጨ አድርሶላታል።

እሱም ይኸው… «ኸላስ!»

የፊንጣስ ሕንፃዎች ብቅ ብቅ አሉ። አዛለች ዓይኗን ጨፈነች።

«ጌታ ሆይ… ይህን መኪና አንድ ነገር አድርገው!»

«አሜን» ከማለቷ መኪናው ከዋናው መንገድ ወጣ! ወደ ውስጥ ታጠፈ… ተንገጫገጨ… አንድ ቡናማ በር ፊት ቀጥ አለ!

«ተበላሸ!» አለ ሸዕባን። ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ።

አብዱልወሃብ ብስክሌቱን አዙሮ መጣ። «ምን ሆነ? ትናንት ጋራዥ አልነበረም እንዴ?»

«ይህም እንደ ሰው ይደክመዋል!»

ይህን ብሎ ሸዕባን እጁን በመስኮት አስገብቶ ጥሩምባውን ነፋ። አንዴ… ሁለቴ… ሦስቴ…

በር ላይ ጥሩምባ ሲነፋ ሮጣ የምትወጣው ማን ናት? ሠራተኛዋ ናታ!

በሩ ተከፈተ። እጇ በሳሙና አረፋ የተሞላ፣ ማስክ ያደረገች ሴት ወጣች። ዓይን ከዓይን ተገጣጠመ…

«አዙ?!»

«ዘሊዬ!»

አረፋው የአዛለች ጀርባ ላይ ታተመ!

«ወፍረሻል አንቺ!»

«አንቺ ደግሞ ከስተሻል! ማስክሽን አውልቂ፣ ፊትሽን ልየው!»

«ማዳም ታየኛለች…»

«ትይ! እኔ ነገ በራሪ ነኝ!»

ሳቁ፣ አለቀሱ፣ እንደገና ሳቁ። «እናቴን ሁለቴ ሳሚልኝ» አለች ዘሊካ፣ «አንዱ የእኔ፣ አንዱ የአንቺ።»

ግማሽ ሰዓት ሆነ። አዛለች ለሸዕባን ውኃ ልትሰጠው ኮፈኑ ጋ ሄደች። ውኃውን ሊቀበል መዳፉን ሲዘረጋ… አንዲት ትንሽ ነገር አየች።

«ባባ ሸዕባን… ይህ ምንድን ነው?»

«ፊውዝ… ያለ እሱ ሞተሩ አይነሣም» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ የነቀልኩት። ዝም በይ።»

አዛለች አፏን ያዘች። «ታዲያ ስለምንህ ለምን ጮኽክብኝ?»

«እሺ ብልሽ ደስታሽ ያጋልጠን ነበር! አንቺ መች ሚስጥር ትችያለሽ? የበርበሬውን ነገር ሩማይሲያ በሙሉ ሰምቶታል!»

ፊውዙን መዳፉ ውስጥ አገላበጠ።

«እናቴ የሞተችው አየር ማረፊያው ተዘግቶ ሳለ ነው። በስልክ ነው የቀበርኳት… ያኔ ለእኔ መኪና የሚያቆምልኝ አልነበረም።»

ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ። «በይ፣ ያላ፣ ተሰናበቺያት!» ፊውዙን ቦታው መለሰ። ቁልፉን አዞረ…

ጭጭ!

እንደገና አዞረ… ጭጭ!

የሸዕባን ግንባር በላብ ተጠመቀ። «ወላሂ… አሁን የምሩን ተበላሸ!»

አዛለች አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች!

መካኒክ ተጠራ፤ «ከዐሥር ሰዓት በፊት አልደርስም» አለ። ደመናውም ዳግም ተሰበሰበ። አብዱልወሃብ ሰማዩን አየ፣ ፒካፑን አየ… እሱም ሳቁ መጣ። «ኸላስ! የዛሬው ኸይራናችን ፊንጣስ ነው!» ድንኳኑን እዚያው በሩ አጠገብ፣ ባዶው ቦታ ላይ ዘረጉት።

የዘሊካ ማዳም ከመስኮት አየቻቸው። አዛለች «ልትቆጣን ነው» ብላ ስትፈራ…

«እንግዳ ደጄ ላይ ቆሞ አይራብም! ዘሊካ፣ ሂጂ፣ አግዣት!»

ሁለቱ ጓደኛሞች ጎን ለጎን ሽንኩርት ከተፉ። ሸዕባን ግማሽ ሰዓት ሰጣቸው… እግዚአብሔር ቀኑን ጨመረላቸው!

አዛለች እሑድ ማታ በሰላም በረረች። ወሎ ድረስ ሄዳም የዘሊካን እናት ሳመች… ሁለቴ።

ወገኖቼ፣ ፊቱን የቋጠረባችሁ ሰው መዳፉ ውስጥ ምን እንደያዘላችሁ አታውቁምና ለፍርድ አትቸኩሉ። ዝናቡ መንገዳችሁን ሲዘጋም ተስፋ አትቁረጡ… አምላክ በተበላሸ መኪናም ያደርሳል!

አሁን እናንተ ፍረዱ…

ሸዕባን «ተበላሸ» ሲል ውሸታም ነው ወይስ ጻድቅ? እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ፊውዙን ትነቅሉት ነበር? እስቲ እውነቱን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ 👇