ለሁለት የሚሆን ትኬት

ጉንዱላ አሥራ አንድ ዓመት የተሸከመችው ቂም ሦስት ቃል ነው፤ እህቷ ያላለችው “ከእኔ ጋር ናት”።

ያኔ አንድ እሑድ በርሊን ባቡር ውስጥ፣ ተራ ልብስ የለበሰ ተቆጣጣሪ ትኬቷን አገላብጦ አየና “ማኅተም የለውም” አላት። ገዝታዋለች። ከመሳፈሯ በፊት ጣቢያው ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ከትታ ማኅተም ማስመታት እንዳለባት ግን ማን ነግሯት? በእነሱ መንደር ለአውቶቡሱ ሾፌር ከፍሎ መቀመጥ ነው። ሰው ሁሉ እያየ እንደ ሌባ አወረዷት።

የወር ትኬት ያለው ሰው እሑድ እሑድ አንድ ሰው በነፃ ይዞ መሄድ ይችላል። እህቷ ሮስቪታ የወር ትኬቷን ይዛ አጠገቧ ነበረች። ፊት ለፊታቸው ደግሞ የሮስቪታ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ተቀምጠዋል። ሮስቪታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ከዚያ ወዲህ ጉንዱላ በርሊንን አልረገጠችም። ዘንድሮ ግን ሮስቪታ ጡረታ ወጣችና “ነይ እንጂ፣ ስንት ዕድሜ ቀረን?” ብላ ደጋግማ ደወለች። መጣች። ይኸው አሁን ትኬት መሸጫው ማሽን ፊት ተገትራለች።

“ተይው በቃ” አለች ሮስቪታ። “ዛሬ እሑድ ነው፤ በእኔ ትኬት እንሄዳለን።”

“በአንቺስ አልሄድም።”

ማሽኑ ይጠይቃል። መሀል ከተማ ብቻ ነው ወይስ እስከ ዳር? የአንድ ጉዞ? የአጭር ጉዞ? የቀን? የሃያ አራት ሰዓት?

“ቀንና ሃያ አራት ሰዓት ምን ለያቸው?”

“የቀኑ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያልቃል።”

“ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት የት ልሄድ!”

ይህን ስትል ማሽኑ ሰለቸውና ሁሉንም አጥፍቶ ከመጀመሪያው ጀመረ። ጉንዱላ በመዳፏ ጎኑን መታችው።

“እትዬ፣ ቤት እየገዙ ነው እንዴ?” አለ ከኋላ የተሰለፈ ሰውዬ።

“ቤቴንማ እንዲህ ሳያስለፋኝ ነው የገዛሁት!” አለች ዞር ሳትል።

ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች። እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንዱ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ፤ እስከ አምስት ሰው ድረስ ለቡድን የሚሆን። ተጫነችው።

“አብደሻል? ሁለት ነን እኮ! እኔ ደግሞ አለኝ!”

ጉንዱላ ገንዘቡን ከፈለች። ትኬቱን ይዛ ወደ ሳጥኑ ሄደች፤ ከተተችው። ጠቅ አለ። አውጥታ ማኅተሙን አየች፤ ገልብጣም አየች።

“የወር ትኬትሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው” አለች።

“ለምን?”

“ተቆጣጣሪ ከመጣ ‘ከእኔ ጋር ናት’ የምለው እኔ ነኝ።”

ሮስቪታ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ትኬቷን ከትታ የቦርሳውን ዚፕ ዘጋች።

“ጉንዱላ፣ ያን ቀን እኮ…”

“ባቡሩ መጣ።”

ሲገቡ ጉንዱላ ቀደም አለችና በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ያዘች።