ያልተነቃነቀው ወለድ

አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣ የሚገዛው ለዜናው አይደለም። ስምንተኛው ገጽ ላይ ያለችውን የቦንድ ወለድ ሰንጠረዥ በመቀስ ቆርጦ ደብተሩ ላይ ይለጥፋታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶ ያገኘውን ብር በሙሉ የመንግሥት የመስኖ ድርጅት ቦንድ ገዝቶበታላ።

«አየሽ ሚጡ፣ ድርጅት ሲጨንቀው ወለድ ጨምሮ ነው የሚበደረው። ወለዱ ካልተነቃነቀ ሰላም ነው» ይላታል ሁልጊዜ። እሷ እያዛጋች ነው የምትሰማው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረሰች እዚያው ጋዜጣ ቤት ጸሐፊ ሆና ስለገባች፣ እሱ ኮርቶ «ልጄ ያለችበት ጋዜጣ አይዋሽም» ይላል።

ዛሬ ቅዳሜ፣ ጋዜጣውን ይዞ እየሳቀ ገባ።

«ትናንት የድርጅቱ በር ላይ የነበረውን ሰልፍ ብታዪ! ብራችንን መልሱልን ይላሉ። ከዓርብ በኋላ አይመለስም ተብሎ የለ? ጎረቤታችን ጋሽ ድንበሩ እንኳን ተሰልፎ ‹ና እንጂ አንተ ሰውዬ፣ ምን ይገትርሃል?› አይለኝም!»

«እና አልወሰድክም አባዬ?»

«ለምን ብዬ? እነሱ ወሬ ይሰማሉ፣ እኔ ቁጥር አያለሁ። ይኸው፣ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ላይ ቀጥ ብሏል።»

ደብተሩን ዘረጋላት። የመጨረሻዎቹ ስምንት ቁራጮች አንድ ዓይነት ናቸው።

ሥራ የጀመረች ቀን አለቃዋ የቦንዱን ሰንጠረዥ እንድታዘጋጅ ሲሰጣት «ድርጅቱ አዲስ ቁጥር ካልላከልሽ፣ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ያለፈውን ሳምንት ድገሚው» ብሏት ነበር።

ከጀመረች ስምንት ሳምንቷ ነው። ድርጅቱ አንድም ቀን ልኮላት አያውቅም።