መርፌዋ የት ናት

ደጀኔ የወንድሙ ገዳይ ከእስር መፈታቱን በሰማ ማግስት ጠመንጃው አልተኩስ አለው። ጥይቱን የምትመታዋን መርፌ አውልቃ የደበቀችበት ሚስቱ አንጓች ነበረች፤ ሽማግሌዎቹ እሑድ መጥተው እስኪያስታርቁ ድረስ ብላ። እሷ ምሳ እያወጣች እሱ የስልኩን ድምፅ ማጉያ ከፍቶ ጠመንጃውን ወደ ሠራው ፋብሪካ ደወለ።

«ዋስትናዎ አላለቀም ጌታዬ» አለው ስልኩን ያነሳው የማሽን ድምፅ በትሕትና። «መሣሪያዎም አልተበላሸም። እያንዳንዷ ዕቃችን ያለችበትን ትነግረናለች። መርፌዋ ማጀት ባለው የበርበሬ ዕቃ ውስጥ ናት።»

ጭልፋው ከአንጓች እጅ አመለጠ።

«ማን እንዳወለቃትም መዝግበናል። እንንገርዎት?»

ደጀኔ ሚስቱን አያት። የበርበሬው ቅላት ከጥፍሯ ሥር ገና አልለቀቀም።

«ግድ የለም፣ አውቄያታለሁ» አለና ወደ ማጀት ገባ።