የቱላዋ ሳሞቫር

አልዩ አምባ ውስጥ ስለ ቱላ ከተማ እኔን የሚያህል አዋቂ የለም። ይህንኑ ለአስተርጓሚው እየነገርኩት ነው። ጣሊያኑ አሥር አለቃ ደግሞ ጥይት ፍለጋ የእህል ጎታችንን በሳንጃ ይወጋል። ባለፈው ሳምንት ቤቱ ጥይት የተገኘበትን ሰው ገበያ መሐል ሰቅለውታል። እኛ ቤት ግን ምን ሊገኝ? አባቴ ያሕያ የዋህ የጨው ነጋዴ ነው።

«ይቺ የምታብረቀርቀውስ?» ይላል አስተርጓሚው፣ ሳሞቫሯን እያየ።

«ሻይ ማፍያ ናታ! ጋሼ አያውቋትም እንዴ? መስኮብ አገር፣ ቱላ የተሠራች ናት። አጎቴ አሊ አዲስ አበባ የመስኮቡን ሐኪም ሲያገለግል ነው የሰጡት። ቱላ ከዳር እስከ ዳር ቀጥቃጭ ብቻ ነው። ሳሞቫር ይዞ ቱላ የሚሄድ ሰው ይሳቅበታል፤ ጨው ጭኖ አፋር እንደ መውረድ ነው። የማር ዳቦም ቅርጽ እያተሙበት ይጋግራሉ። ደግሞ ጠመንጃ...»

እናቴ ነሲባ ትስላለች።

አሥር አለቃው «ጠመንጃ» የምትለዋን ቃል ያውቃታል። ሳንጃውን ከጎታው ነቅሎ ወደ እኔ ይዞራል።

ወይ አፌ! «ጠመንጃ የሚሠሩት ሌሎቹ ናቸው! ይቺ የሻይ ብቻ ናት። እንዲያውም አፍልቼ ላሳያችሁ።»

«ውሃ የለም» ትላለች እማ።

«ጠዋት የቀዳሁትስ?»

«ከሰልም የለም።»

«ምድጃው ሙሉ ፍም እያለ?» ዛሬ እማን ምን ነካት? ሰው ፊት ታዋርደኛለች።

ውሃውን እሞላለሁ፤ በገል ፍም ዝቄ እመጣለሁ። «እሳቱ የሚገባው በመሐሉ ቧንቧ ነው» እያልኩ የቧንቧውን ክዳን አነሳለሁ።

ጥይት።

እስከ አፍ ገደፉ ጥይት። በጨርቅ ተጠቅጥቆ፣ ቀያይ ጫፉን ወደ እኔ አድርጎ።

እጄ ከነፍሙ አየር ላይ ይደርቃል። ገሉ ጣቶቼን እየጠበሰ ነው፣ ግን አይሰማኝም። እማን አያታለሁ፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ዱዓ ነው። የዋሁ የጨው ነጋዴ አባቴ!

«ምነው ቆምሽ?» አስተርጓሚው አንድ እርምጃ ይጠጋል።

ክዳኑን እመልሳለሁ። «አላውቅበትም።»

«ምኑን?»

«ማንደዱን። ጉራዬን ነው የነዛሁት። አንድም ቀን አንድጃት አላውቅም፣ ወላሂ!»

ስምለው ነው እውነት መሆኑ የገባኝ።

አስተርጓሚው እየሳቀ ይተረጉማል። አሥር አለቃውም ሆዱን ይዞ ይስቃል፤ መጥቶ የሳሞቫሯን ሆድ በጣቱ ኳ፣ ኳ ያደርጋል። ከዚያ ጉንጬን ቆንጥጦኝ ይወጣል፤ አስተርጓሚውም ይከተለዋል።

ኮቴያቸው ቁልቁለቱ ላይ እስኪጠፋ ከእማ ጋር አንነቃነቅም። አፌ ግን የት ሊያርፍ?

«አየሽ እማ? እኔ ባልኖር ዛሬ አልቀንልሽ ነበር! ቆይ ግን፣ እንዴት አትነግሩኝም? ከመምጣታቸው በፊት እሳት ብጨምርበትስ ኖሮ?»

እማ ገሉን ከእጄ ትቀበለኛለች።

«አፊፋ፣ እዚያ የደበቅነው እኮ አፍሽ እንጂ እጅሽ ደርሶበት ስለማያውቅ ነው።»