ስምንት ስፒከር

ራኒያ የገዛችው አዲስ መኪና ሲዲ ማጫወቻ የለውም። አባቷ ሳኒ ይህን ያወቁት አሮጌው መኪና ከተሸጠ በኋላ ነው። የሟች ሚስታቸው የሀሚዳ ድምፅ ደግሞ ያለው በእጃቸው በያዙት ሲዲ ላይ ብቻ ነው።

«በየት ነው የሚገባው?» አሉ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር፣ ደጃፋቸው ላይ በቆመው መኪና ውስጥ ተቀምጠው ዳሽቦርዱን እየዳበሱ።

«በየትም። ሲዲ የሚሰማ ሰው አሁንም አለ እንዴ? ስምንት ስፒከር አለው እኮ፣ አባባ! ደግሞ ያ የተጫጫረ ነገር ምኑ ይሰማል?»

ሀሚዳ መንዙማዋን ስትቀዳ ትንሿ ራኒያ ዘው ብላ ገብታባት ነበር። «ራኒያ፣ ውጪና...» ስትል ሲዲው እዚያው ላይ ይያዛል። «ውጪና... ውጪና...» የቀረውን ማንም ሰምቶት አያውቅም፤ ራኒያም ሃያ ዓመት ሙሉ አንገፍግፏታል።

ስልኳን አላገናኘችም፤ መኪናውንም አላስነሳችም። መንዙማው ግን ከስምንቱም ስፒከር ጥርት ብሎ ወጣ።

«ይኸው! የለውም አላልሽም?» አሉ ሳኒ ደስ ብሏቸው። ሲዲው ጭናቸው ላይ ነው።

«ራኒያ፣ ውጪና በሩን ዝጊው» አለች እናቷ፣ አንዴ ብቻ። «አባትሽ እኔ ጋ ይቆይ።»

ራኒያ ወጣችና በሩን ዘጋችው።