ከጉቶው የጎደለው ሥር

ኡላዩክ ጉቶው አጠገብ ተንበርክካ ጎኑን ዳበሰችው። ትናንት ሦስት ሥር ነበረው፤ አሁን ሁለት ብቻ ቀርተውታል። ይህ በረዷማ ደሴት ሞቃት ጫካ በነበረበት ዘመን የበቀለ ዛፍ ነው፤ ስንት ሚሊዮን ዓመት ተቀብሮ ኖሮ እንኳን ድንጋይ አልሆነም፣ እንጨት እንደሆነ ቀርቷል። እሷ ደግሞ ጠባቂው ናት። ቀና ብላ ከደቡብ የመጣውን ተመራማሪ አየችው።

"ቦርሳህን ክፈተው እስቲ።"

"ትናንት ፈትሸሽው የለም እንዴ?"

"ትናንት ጉቶው ሙሉ ነበራ!"

ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁ አላማራትም። ካልሲውን፣ ብስኩቱን፣ ደብተሩን አንድ በአንድ እያወጣች ዘረገፈችው። የጓንቱን ጣቶች ሳይቀር ጨምቃ አየች። ምንም የለም። ይህ ይባስ አጠራጠራት።

"የት ነው የደበቅከው?"

"በቃ ሌባ አደረግሽኝ?"

"ገና ነኝ።"

ጠዋት ስንቅ ይዞላት የመጣው አጎቷ ከድንኳኑ ጀርባ ተጣራ። "አንቺ ልጅ፣ ሰውየውን ተይውና ኑ ሻይ ጠጡ! ጋዙ ቢያልቅብኝ ባሕር የተፋው እንጨት አገኘሁ። ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ አስቸግሮኝ ነበር፤ በእርግጫ ነቀልኩት።"

ዛፍ በማይበቅልበት አገራቸው እንጨት ሁሉ የባሕር ስጦታ ነው፤ ያገኘ ያነሳል። ባሕሩ ግን ከዚህ ኮረብታ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

ነፋሱ ጭሱን ወደ እነሱ አመጣው፤ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ኡላዩክ የሰውየውን ካልሲ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ተመራማሪው እጁን ዘረጋላት። "ካልሲዬን ስጪኝና፣ ሄደሽ ማንቆርቆሪያውን ፈትሺ።"