የቨርጂል አዲስ እጀታ

ባሌ ቨርጂል እጁን ወረቀት ላይ ዘርግቶ፣ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሮ ኦሃዮ ላለ እንጨት ጠራቢ ላከ። በልኩ የተጠረበው የሽጉጥ እጀታ ቅዳሜ ደረሰ። ጥይቱን አውጥቶ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አሮጌውን ፈታና አዲሱን በካቻቢቴ አሰረው።

ሌባ ጣት ቃታ ላይ ነው የሚውለው፤ ከሥር ለቀሩት ሦስት ጣቶች ሦስት ማረፊያ ይበቃል። ይሄኛው ግን አራት አለው።

«ሰውየው ተሳስቷል፣ መልስለት» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ! ድንችሽን ላጪ። ልክክ ነው ያለልኝ።»

«እስቲ ያዘው፣ ልቁጠር።»

እየሳቀ ጨበጠው። ሃያ ሁለት ዓመት ያቀፈኝ እጅ ነው፤ አላጣውም። አውራ ጣቱ ከጎን፣ ሌባ ጣቱ ቃታው ላይ። ጎንበስ ብዬ ቆጠርኩ።

አራቱም ማረፊያ ላይ ጣት አለ።